ፊደሉ ሳይታረም

የሲክል ሴል ሕመም ካለበት ሰው የተቀዳ አንድ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ አድርጌ፣ ኦክስጅን የሚያሳጣውን የሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ፈሳሽ ጨምሬበት፣ በስስ መስታወት ሸፍኜ አየር እንዳይገባበት ዳር ዳሩን ስዘጋው መጀመሪያ ላይ ብዙም የተለየ ነገር አይታይም። ቀይ የደም ሕዋሳቱ በአብዛኛው ክብ ናቸው፤ መካከላቸውም ሳሳ ብሎ ይፈዝዛል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ በማይክሮስኮፕ ስመለከት ግን አንዱ ጫፉ ሾሎ፣ ሌላው እንደ ማጭድ ጎብጦ አገኘዋለሁ። በሽታው ስሙን ያገኘው ከዚህ ቅርጽ ነው።

ይህን ምርመራ ለተማሪዎች ሳሳይ አንዲት ተማሪ የጠየቀችኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፦ «ስሕተቱ የአንድ የዲኤንኤ ፊደል ከሆነ፣ ከታወቀም ይህን ያህል ዘመን ከሆነው፣ ለምን አይታረምም?» በዚያን ዕለት የሰጠኋት መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበር። በ2023 መጨረሻ የጸደቀው የዘረ-መል ሕክምና ያንን ፊደል ጨርሶ እንደማይነካው፣ ፈውሱም በሌላ በር እንደገባ በደንብ ላስረዳት ይገባኝ ነበር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ስሕተቱ የታወቀው በእርግጥ ቀድሞ ነው። ጄምስ ሄሪክ የተባለ የቺካጎ ሐኪም የጎበጡትን ሕዋሳት በ1910 በጽሑፍ አሳወቀ። በ1949 ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ የታማሚዎቹ ሄሞግሎቢን (በቀይ ሕዋሱ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ከጤነኞቹ ተለይቶ እንደሚጓዝ አሳይተው በሽታውን የሞለኪውል በሽታ አሉት። በ1957 ደግሞ ቨርነን ኢንግራም ልዩነቱን ለይቶ አወጣው፤ ሄሞግሎቢን ከተሠራባቸው ሰንሰለቶች ቤታ በተባለው ላይ፣ ከ146 አሚኖ አሲዶች መካከል በስድስተኛው ቦታ ግሉታሚክ አሲድ መኖር ሲገባው ቫሊን ተተክቷል። በዲኤንኤው ላይ ይህ የአንዲት ፊደል፣ የኤ በቲ መለወጥ ነው።

ቫሊን ከውሃ የሚሸሽ አሚኖ አሲድ ነው። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲለቅ ቅርጹ ስለሚለወጥ፣ ይህ ቫሊን በአጠገቡ ባለው ሌላ ሞለኪውል ላይ በተከፈተ ስርጉድ ውስጥ ገብቶ ይሸጎጣል፤ ያኛውም ከሚቀጥለው፣ የሚቀጥለውም ከሌላው እየተያያዘ 14 ረድፍ ያለው ጠንካራ ዘንግ ይሠራል። በአንድ ቀይ ሕዋስ ውስጥ ከ250 ሚሊዮን በላይ የሄሞግሎቢን ሞለኪውሎች ታጭቀው ስለሚገኙ ዘንጎቹ ሕዋሱን ከውስጥ ገፍተው ያጎብጡታል። ሆኖም ዘንጉ ወዲያው አይጀምርም። ኦክስጅኑ ከተለቀቀ በኋላ ጥቂት የመዘግየት ጊዜ አለ፤ ሕዋሱ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ቀጭኑን የደም ሥር አልፎ ወደ ሳንባ ከተመለሰና ኦክስጅን ካገኘ ሳይጎብጥ ያመልጣል። የሚዘገየው ጊዜ ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ ባለው የሄሞግሎቢን ክምችት ላይ እጅግ ስለሚመረኮዝ፣ ክምችቱ በጥቂቱ ሲቀንስ እንኳ የማምለጫው ጊዜ ብዙ ይረዝማል። በእኔ አስተያየት የበሽታው ቁልፍ ይህ እሽቅድምድም ነው፤ ሕክምናው ሁሉ የሚያተኩረው ሕዋሱ ለማምለጥ የሚያስፈልገውን ጊዜ በመስጠት ላይ ነውና። ያላመለጡት ሕዋሳት ቀጫጭኖቹን ሥሮች ይዘጋሉ፤ ከዚያ የሚመጣው በታማሚው አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ የሚወርደው ብርቱ ሕመም፣ አንዳንዴም የአንጎል ምት ነው። በተደጋጋሚ እየጎበጠ የሚመለስ ሕዋስ ሽፋኑ ስለሚጎዳ፣ ጤነኛ ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ሲኖር ይህኛው ከ10 እስከ 20 ቀን ብቻ ይኖራል።

ሌላኛው በር የተገኘው ሕፃናትን በማስተዋል ነው። በ1948 ጃኔት ዋትሰን የተባለች የኒው ዮርክ የሕፃናት ሐኪም፣ በሽታውን ወርሰው የተወለዱ ጨቅላዎች ደማቸው እንደ ታላላቆቹ እንደማይጎብጥ አስተዋለች፤ ምክንያቱም በማኅፀን ሳሉ የሚሠሩት ሄሞግሎቢን ገና ስላላለቀ ሊሆን እንደሚችል ገመተች። ግምቷ ትክክል ነበር። ፅንሱ በቤታ ፈንታ ጋማ የተባለውን ሰንሰለት ይጠቀማል፤ ጋማ ያለበት ሞለኪውል ደግሞ በዘንጉ ውስጥ ሊሰለፍ አይችልም፣ መሰለፍ የሚችሉትንም ያሳሳቸዋል። ችግሩ ሰውነት ከልደት በኋላ ባሉት ወራት የጋማን ዘረ-መል ዘግቶ ወደ ቤታ መሸጋገሩ ነው። በ1998 በአሜሪካ ለአዋቂዎች የተፈቀደው የሃይድሮክሲዩሪያ ክኒን ይህን የፅንስ ሄሞግሎቢን በከፊል ስለሚመልስ ብዙዎችን ጠቅሟል፤ ዛሬም ቢሆን ሊናቅ የማይገባው መድኃኒት ነው።

ጋማን የሚዘጋው ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ሌላ አሥር ዓመት ወሰደ። በብዙ ሰዎች ዲኤንኤ ላይ የተደረጉ ንጽጽሮች በሁለተኛው ክሮሞሶም ላይ ወዳለ ቢሲኤል11ኤ ወደተባለ ዘረ-መል ጠቆሙ፤ በ2008ም የቦስተኖቹ ስቱዋርት ኦርኪንና ቪጄይ ሳንካራን ከባልደረቦቻቸው ጋር የዚህ ዘረ-መል ፕሮቲን የጋማ ፍሬን መሆኑን አሳዩ። ታዲያ ፍሬኑን በጥሶ መጣል አይቻልም ነበር፤ ያው ፕሮቲን ለነጭ የደም ሕዋሳትም ለአንጎልም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የማደንቀው የ2013ቱ ግኝት ነው። ከዘረ-መሉ ውስጥ፣ በቀይ የደም ሕዋስ ሥሪት ጊዜ ብቻ ፍሬኑን የሚያበረታ አንድ አጭር የዲኤንኤ ክፍል ተገኘ። ያ ክፍል ከተጎዳ ፍሬኑ የሚላላው ቀይ ሕዋስ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሕዋሳት ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ካስጄቪ የተባለው ሕክምና የሚቆርጠው ያንን ክፍል ነው። ከታማሚው ደም የደም ግንደ ሕዋሳት (ሌሎቹ የደም ሕዋሳት ሁሉ የሚመነጩባቸው) ይሰበሰባሉ፤ በቤተ ሙከራ ክሪስፐር በተባለው መቁረጫ ዲኤንኤአቸው ይቆረጣል፤ ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ይመለሳሉ። ብሪታንያ በኅዳር፣ አሜሪካም በታኅሣሥ 2023 አጸደቁት። ለአሜሪካው ፈቃድ በቀረበው መረጃ በበቂ ሁኔታ ክትትል ከተደረገላቸው 31 ታማሚዎች 29ኙ ቢያንስ ለ12 ተከታታይ ወራት ከብርቱው የሕመም ግርሻ ነጻ ሆነዋል። ስለ ሕክምናው ሲነገር ግን የተሻሻሉት ሕዋሳት ከመመለሳቸው በፊት የሚሆነው ነገር በቸልታ ይታለፋል። ለአዲሶቹ ቦታ እንዲለቀቅ በመቅኔ ውስጥ ያሉት ነባር ሕዋሳት ቡሰልፋን በተባለ ብርቱ ኬሞቴራፒ መጥፋት አለባቸው። ታማሚው አዲሶቹ ሕዋሳት እስኪያቆጠቁጡ በሆስፒታል ይቆያል፣ አፉ ይቆስላል፣ መውለድ የማይችል የመሆን አደጋም አለበት። ይህን የማያነሣ ዜና ለታማሚው ግማሹን ብቻ እንደነገረው እቆጥረዋለሁ።

«ዘረ-መሉ ታረመ» የሚለውን አነጋገርም አልቀበልም። የዳነው ሰው በእያንዳንዱ የደም ግንደ ሕዋሱ ውስጥ ያቺን ቲ እንደያዘ ነው፤ በቀይ ሕዋሱ ውስጥም የበሽታው ሄሞግሎቢን ከፅንሱ ሄሞግሎቢን ጋር ጎን ለጎን ይኖራል፤ የተቆረጡት የደም ሕዋሳቱ ብቻ ስለሆኑ ልጅ ቢወልድም ያወርሰዋል።

ፊደሏን ራሷን የሚነኩ ተመራማሪዎችም አሉ። ዲኤንኤውን ሳይበጥሱ አንዱን ፊደል በሌላ የሚለውጡት፣ ቤዝ ኤዲተር የተባሉት መሣሪያዎች ቲን ወደ ሲ መለወጥ ቢችሉም ወደ ኤ ለመመለስ የተሠሩ አይደሉም። በዚህም ቫሊኑ የቀድሞው ግሉታሚክ አሲድ በመሆን ፈንታ አላኒን ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ሄሞግሎቢን በተፈጥሮም በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚገኝ፣ ዘንግ የማይሠራ ነው፤ በኢንዶኔዥያ ከተማ ስም ሄሞግሎቢን ማካሳር ይባላል። በ2021 የታተመ ጥናት ለውጡን ከታማሚዎች በተወሰዱ ሕዋሳትና በአይጦች ላይ አሳክቶታል። በላቦራቶሪ ለምንሠራ ሰዎች የሚገርመው፣ ማካሳር በተለመደው የአልካላይን ኤሌክትሮፎሬሲስ (ሄሞግሎቢንን በኤሌክትሪክ መስክ በሚለየው ምርመራ) ላይ ከበሽታው ሄሞግሎቢን ጋር በአንድ መስመር ላይ መውረዱ ነው፤ የፖሊንግ ዘዴ ሁለቱን አይለያቸውም። የሚለያቸው ያ የመጀመሪያው ስላይድ ነው፤ ሜታባይሰልፋይቱ ተጨምሮበት፣ ዳሩ ተዘግቶ፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈም በኋላ ሕዋሳቱ ክብ እንደሆኑ ይቆያሉ።