የአያቴ የጉድጓድ ውሃ

11ኛ ክፍልን ጨርሼ ሐምሌ ሲገባ ጓደኞቼ ለ12ኛ ክፍል ቲቶሪያል ተመዘገቡ። እኔ እዚሁ ጎንደር፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ገባሁ። የኬሚስትሪ መምህሬ የሚያውቃት የማስተርስ ተማሪ ነበረች፤ ለመመረቂያ ጽሑፏ የውሃ ናሙና ስለምትሰራ እጅ የሚያግዛት ትፈልግ ነበር። እታለም እያልኩ ነው የምጠራት።

ስለ ታይትሬሽን፣ ማለትም አንድ ፈሳሽ ላይ ሌላውን ጠብታ በጠብታ ጨምሮ ውስጡ ያለውን ነገር መለካት፣ ክፍል ውስጥ ተምሬያለሁ፣ ፈተናም ላይ ሰርቼዋለሁ። ጠብታው የሚወርድበትን ቁጥር የተጻፈበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ ቢዩሬትን ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይስለዋል፣ እኛ ደግሞ ደብተራችን ላይ እንገለብጠዋለን፣ በቃ። ስንት ልጅ እንደዚህ ሆኖ እንደሚያልፍ ሳስብ ያናድደኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት ዕቃ ማጠብ ብቻ ነበር። ቢከር፣ ፍላስክ፣ ፒፔት። በሳሙና፣ ከዚያ በቧንቧ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ በዲስትልድ ውሃ። ቢዩሬቱ ግን ለብቻው ነው፤ የሚሞላበት ኢዲቲኤ (ካልሲየምና ማግኒዚየምን የሚይዝ ኬሚካል) ራሱ በትንሹ ተጨምሮበት ይለቀለቃል፣ አለበለዚያ ውስጡ የቀረው የውሃ ጠብታ ኢዲቲኤውን ያቀጥነውና ንባቡ ያለአግባብ ከፍ ይላል። ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት እታለም «ከቤትሽ ውሃ አምጪ» አለችኝ። አዘዞ አያቴ ግቢ የጉድጓድ ውሃ አለ። በዚያ ውሃ ልብስ ሲታጠብ ሳሙና አረፋ አያወጣም፣ ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። አያቴ ሁልጊዜ ጥፋቱን የምትጥለው ሳሙናው ላይ ነው። በሃይላንድ ቀድቼ፣ በዝናብ፣ በባጃጅ ይዤው ሄድኩ።

ውሃው ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም የምንለካው እንዲህ ነው። 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ፍላስክ ውስጥ ይገባል። ፒኤቹን 10 ላይ የሚይዝ የአሞኒያ በፈር ይጨመርበታል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከዚያ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ የሚባል ጠቋሚ ቀለም ቁንጥር ታደርጊበታለሽ፣ ውሃው የወይን ጠጅ ይመስላል። ቀለሙ ማግኒዚየሙን ይዞ ነው የቀላው። ከላይ የሚንጠባጠበው ኢዲቲኤ መጀመሪያ ካልሲየሙን ይለቅማል፣ በመጨረሻ ማግኒዚየሙንም ከቀለሙ እጅ ይነጥቀዋል፣ ያን ጊዜ ፍላስኩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል። በአንዲት ጠብታ! መጀመሪያ ሳየው ጮህኩ።

የመጀመሪያው ንባቤ፣ ማለትም የወረደው ኢዲቲኤ፣ 11.2 ሚሊ ሊትር ሆነ። ሁለተኛው 12.1። ደነገጥኩ። ማንም ሳያየኝ ደብተሩ ላይ 2ቷን አደመቅኩና 1 አደረግኳት፣ 11.1 ሆነች።

እታለም ግን አይታኛለች። አልተቆጣችም፣ ቢሆንም ፊቴ ነደደ። የራሷን ደብተር አምጥታ ከፈተችልኝ። አንድ ሙሉ ገጽ በሰያፍ መስመር ተሰርዟል፣ ከጎኑ ምክንያቱ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፣ ቁጥሮቹ ግን ሁሉም ይነበባሉ። «ነፍሴ፣ ፈጥነሽ ስለከፈትሽው ነው ያለፈሽ። ቁጥሩን አትደብቂው፣ አንድ መስመር አስምሪበት፣ ለምን እንደሆነ ጻፊና ድገሚው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ወደ መጨረሻው ላይ ጠብታ በጠብታ። 11.2፣ 11.3፣ 11.2።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ኢዲቲኤው 0.01 ሞላር ሲሆን አንዱ ሚሊ ሊትር ከ1 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ጋር ይመጣጠናል፤ ስለዚህ 11.2 ሚሊ ሊትር ማለት በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ 11.2 ሚሊ ግራም፣ በሊትር ደግሞ 20 እጥፉ፣ 224 ሚሊ ግራም ነው። ከ180 በላይ ከሆነ በጣም ሃርድ ውሃ፣ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዚየም በጣም የበዛበት ውሃ ይባላል። ሳሙናው ምንም አላጠፋም፤ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ይዘውት ነው አረፋ የሚከለክሉት።

እሁድ ለአያቴ ነገርኳት። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ነጩ ቅርፊት ሽሽ እያለ ትንንሽ አረፋ ማውጣት ጀመረ፣ ጎንበስ ብላ አየችው። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ስንጠጣው ምን አደረገን?» አለች። ካልሲየምና ማግኒዚየም ሰውነትም የሚፈልጋቸው ስለሆኑ በዚህ በኩል እንዳትሰጋ ነገርኳት። ግን ታይትሬሽን ጀርም አያሳይም፣ እኔ የለካሁት ሃርድነሱን ብቻ ነው፣ ስለዚህ የሚጠጣውን ማፍላቷን እንዳትተው አደራ አልኳት። ቅርፊቱም የሚመጣው ሲፈላ ነው፣ ግድ የለም፣ ሎሚ አለ።

እናንተም ጎንደር ያላችሁ፣ ክረምቱን እንዲህ ማሳለፍ ከፈለጋችሁ ሰኔ ሳያልቅ መምህራችሁን ጠይቁ። በክረምት ግቢው ጭር ያለ ይመስላል እንጂ የማስተርስ ተማሪዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ዕቃ ለማጠብ የማይሰለች ልጅ ካገኙ ደስ ይላቸዋል።

ትናንት አያቴ ጋ ስሄድ ሦስት ሃይላንድ በሩ ሥር ተደርድሮ ጠበቀኝ። ጎረቤቶቿ «የኛንም እይልን» ብለው ነው። እያንዳንዱ ላይ ቀኑንና የተቀዳበትን ጉድጓድ ጻፍኩ። ነገ ጠዋት ቢዩሬቱን ከማለቅለቅ እጀምራለሁ።