«ሞተር ቀይር ነው ያልኩህ»

ጋራዣችን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃው ገበያ፣ በእግር ይደረሳል። ይሄ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ፣ ዕቃ ሲጎድል ሮጥ ብለህ ታመጣለህ። መጥፎነቱ፣ ደንበኛውም ሮጥ ብሎ ያመጣል።

ጋሼ ሞተሩን ራሳቸው ገዝተው፣ በጋሪ አስገፍተው ነው የመጡት። የቶዮታ ስሪ ኤል፣ ናፍጣ፣ 2,779 ሲሲ። የሚገባባት ደግሞ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ናት። ቤንዚን፣ ቱዌልቭ አር፣ 1,587 ሲሲ። ጋሼ ፒያሳ የቀለምና የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። ፒካፗ ከመርካቶ ጭና ቸርችልን ስትወጣ በአንደኛ ማርሽ እያለቀሰች ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት ካደረገው ወዲህ ደግሞ ያለውን የሚሸጥ ሰው የለም። ሁሉም ያለውን ይጠግናል።

እኔ ብጠየቅ ሪንጓን ቀይሬ፣ ቫልቯን አስፈጭቼ፣ ካርብራቶሯን ለዚህ ከተማ አየር አስተካክዬ እሰዳት ነበር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋ ያጣል። ግን አልተጠየቅሁም። የተጠየቀው «ኢንጅነሩ» ነው፤ የእህታቸው ልጅ። የተማረው ኮምፒውተር ነው። የሚያየው ግን የመኪና ቪዲዮ ነው።

ገጠማውን አልዘረዝርም፣ የሠራ ያውቀዋል። ሱፖርቱ በብየዳ፣ ካርዳኑ ቶርኖ ቤት፣ ራዲያተሩ በትልቅ ተቀየረ። ከባዱ ሞተር ሲቀመጥባት የፊት ሞላዋ ጎንበስ አለ። የካንዴሌታ መስመር ዘረጋን። ዲፈረንሻሏ ለትንሿ ሞተር የተሰላ ስለሆነ ሜዳ ላይ ቶሎ እንደምትጮህ ነገርኳቸው። «እኔ ዳገት ነው የምፈልገው» አሉ። እሺ። የሊብሬውን ጣጣ፣ የሞተር ቁጥር ማስለወጡን፣ ዲክላራሲዮን ፍለጋውን ለእሳቸው ተውኩት።

ነገሩ ያለው ዲናሞው ላይ ነው። የስሪ ኤል ዲናሞ ከጀርባው ቫኪዩም ፓምፕ፣ አየር የሚስብ ፓምፕ፣ አለው። የፍሬን ሰርቮውን፣ ፔዳሉን ለእግር የሚያለሰልሰውን፣ የሚያሠራው እሱ ነው። ሶማሌ ተራ ደግሞ ብልጥ ስለሆነ ይሄን ዲናሞ ነቅሎ ለብቻው ይሸጠዋል። ከጋሼ ሞተር ጋር የመጣው ፓምፕ የሌለው ተራ ዲናሞ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ዲናሞ መቀየር አለበት። ፍሬን አይኖራትም።»

«ባትሪ አይሞላም?»

«ይሞላል።»

«ታዲያ ምን ፈለግህ?»

አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሞተር ቀይር ነው ያልኩህ። ፍሬን ቀይር አልኩህ?»

ይሄን ጊዜ ኢንጅነሩ ገባ። «ወንድሜ» አለኝ። በዕድሜ ታላቁ ነኝ፣ ይሁን። «ወንድሜ፣ የሰርቮውን ቱቦ ማኒፎልዱ ላይ ብትሰካው አለቀ እኮ። ድሮም እዚያ ነበር።»

ድሮ እዚያ ነበር፣ ልክ ነው። የቤንዚን ሞተር ማኒፎልዱ፣ የአየር መግቢያው ማለት ነው፣ በር አለው። እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ በሩ ይዘጋል፣ ሞተሩ አየር አጥቶ ይስባል፣ ሰርቮው በዚያ ይሠራል። ናፍጣው በር የለውም። አየሩ እንደልቡ ይገባል። ስለዚህ የሚስበው ነገር የለም።

«ሞተር ሆኖ የማይስብ የለም» አለኝ።

ክርክር አልወድም። ቱቦውን እሱ እንዳለው ማኒፎልዱ ላይ ሰካሁት። ሞተሩን አስነሳሁ። ሌላውን ጫፍ አነሳሁና «ጣትህን አድርግበት» አልኩት።

አውራ ጣቱን ደፈነበት። ሁላችንም ፊቱን እናያለን። ሞተሩ ይንገጫገጫል። ጋሼ ጎንበስ ብለው ጣቱን እያዩ ነው።

«ትንሽ ይስባል» አለ።

ትንሽ ይስባል! እኔ አደረግሁበት፤ ምንም። ተለማማጁን ጠራሁት። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ የማይዋሽ። ጣቱን አደረገ። መጀመሪያ እኔን አየ። ቀጥሎ ጋሼን አየ። ሲወጡ ሲገቡ ለልጁ የሻይ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።

«ትንሽ አለው መሰለኝ» አለ።

አለቃችን ከቢሮው ብቅ ብሎ ሰዓቱን አየ። «ሒሳብ ተዘግቷል፣ አስረክብ» አለ። የሥራ ካርዱ ላይ በትልቁ «ያለ ቫኪዩም ፓምፕ ወጥታለች» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ሳያነቡ ፈረሙ። ፊርማቸው ግን ያምራል፣ የድሮ ሰው ፊርማ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ተለማማጁ ነው፤ ጭነት ሊያግዝ አብሮ ሄዶ ነበር። ኢንጅነሩ መሪ ይዞ፣ ቀለም ጭነው ቸርችልን በሦስተኛ ማርሽ ወጥተዋል። በሦስተኛ! ጋሼ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው እየሳቁ ነበር አለኝ። ፒያሳ ግማሹን አራገፉ። የቀረው ለገሃር ለሚኖር ደንበኛ ነው። ስለዚህ ቁልቁል።

ቴድሮስ አደባባይ ሲደርሱ ፍሬኑ ድንጋይ ሆነ። ኢንጅነሩ በሁለት እግሩ ቆመበት። ማርሽ ወደ ሁለተኛ፣ የእጅ ፍሬን እስከ መጨረሻው፣ የፊት ጎማው ጠርዙ ላይ ወጥቶ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም አስፋልት ላይ ፈሰሰ። ሁሉም የሆነው ከሴባስቶፖል ምስል ፊት ለፊት ነው። ያ መድፍ ከጋፋት መቅደላ ሲጎተት እሱም ሰርቮ አልነበረውም፤ ግን ቢያንስ የሚጎትቱት ያውቁ ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ትክክለኛውን ዲናሞ ይዘው መጡ። የጠየቋቸው ዋጋ ካበሳጫቸው ብዛት አላወሩኝም። ገጠምኩ። ቱቦውን ወደ ፓምፑ አዞርኩ። ፍሬኑ ለሰለሰ። አለቃችን የሥራ ካርዱን አውጥቶ አሳያቸውና የእጅ ዋጋ ሁለተኛ አስከፈላቸው። የጻፍኩት ለዚህ አልነበረም፤ ግን ጠቀመው። ከዚያ ወዲህ ሁሉን በጽሑፍ አደርጋለሁ። እስካሁን አንብቦ የፈረመ ደንበኛ አላየሁም።

ሰሞኑን ኢንጅነሩ ዳትሰን ያላቸው ሁለት ሰዎች ይዞ ጋራዥ መጣ። እኔ ሌላ መኪና ሥር ተኝቻለሁ። ያስረዳቸዋል። ናፍጣ በር የለውም፣ ፓምፕ ያስፈልገዋል፣ ቱቦው ላይ ጣት አድርጎ ነው የሚታወቀው ይላል። «እኛ ጋ ስንሠራ ያኔውኑ ትንሽ ነው የሚስበው ብዬ ተናግሬ ነበር» አላቸው።

አንደኛው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አየኝ። «ልጁ የሚለው እውነት ነው?»

«ትንሽ» አልኩት።