ጆሮ ድፍን ሲል ዘይት ከማንጠብጠባችሁ በፊት

እዚህ ደብረ ማርቆስ ጉንፋን በገባ ቁጥር ጆሮዬን ደፈነኝ የሚል ሰው ይበዛል፣ ምክሩም ያው ነው፣ ዘይት አንጠብጥበት፣ ጤና አዳም ጨምቅበት፣ በክብሪት እንጨት ቆርቁረው። ኧረ ተዉ! ድፍን ማለቱ አንድ ቢሆንም መንስኤው ብዙ ነው።

ከአፍንጫ ጀርባ ወደ መሀለኛው ጆሮ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች፣ ስንውጥና ስናዛጋ እየተከፈተች አየር ታስገባለች። ጉንፋን፣ ሳይነስ ወይ አለርጂ ሲያሳብጣት ትዘጋለች፣ ውስጥ የቀረው አየር ይመጠጥና የጆሮው ታምቡር፣ ማለትም ድምፅ የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ሲቆይ ፈሳሽም ይጠራቀማል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፣ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ የውጭው አየር ግፊት ይጨምርና ታምቡሩን ይጫነዋል፣ ምራቅ ዋጥ ሲያደርጉ ቷ ብሎ ይለቃል። ጉንፋን ይዞት የሚወርድ ሰው ግን ቢውጥም ቢያዛጋም እሺ ላይለው ይችላል።

ኩክም አለ። ኩክ በራሱ ጊዜ የሚወጣ ነገር ነው፣ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ወደ ታምቡሩ እየገፋን የምንጠቀጥቀው እኛ ነን፣ ከዛ ገላ ስንታጠብ ውሃ ሲገባበት ያብጥና ድርግም ያደርገዋል። ክሊኒክ በመብራት አይተው ያጥቡታል። ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ ግን ዘይትም ውሃም መግባት የለበትም፣ ይሄን ደግሞ ሳያዩ ማወቅ አይቻልም። ማታ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ከመንጋጋው ሊመጣበት ይችላል፣ ከማዞርና ከጆሮ ጩኸት ጋር እየተመላለሰ መስማት የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ሜኒየር የሚባለው በሽታም አለ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን አንድ ጆሮ ያለ ጉንፋን ያለ ህመም በድንገት ድፍን ብሎ መስማት ሲቀንስ ነው፣ ብዙ ሰው ኩክ ነው ይለቃል እያለ ሳምንት ያሳልፋል። የመስሚያ ነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል፣ ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቢዘገይ በ2 ሳምንት ውስጥ ሲጀመር ነው የተሻለ ተስፋ ያለው። አፍ ዘግታችሁ እምምም በሉ፣ ድምፁ ወደ ደህናው ጆሮ ካደላ ነርቩ ተነክቶ ይሆናል፣ ወደ ተደፈነው ካደላ ኩክ ወይ ፈሳሽ ይመስላል። እንዲህም ሆኖ በዚህ ብቻ ተማምናችሁ እንዳትቀሩ፣ መስማት በድንገት ከቀነሰ በዛው ቀን የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ስትሄዱም ደፈነኝ ብቻ አትበሉ፣ መስማቴ ቀንሷል፣ የጀመረኝም በዚህ ቀን ነው በሉ። አዋቂ ሰው ሆኖ አንዱ ጆሮ ብቻ ለሳምንታት ከተደፈነ፣ በተለይ ነስር ወይ አንገት ላይ እብጠት ካለ፣ ያቺ ቱቦ የምትነሳበትን የአፍንጫውን ጀርባ እንዲያዩለት ይጠይቅ።