ርግቦቹና ረግረጉ

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ገና ከመሬት እንደተላቀቀ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባበት፤ ለመመለስ ሲሞክርም ሞተሮቹ ጠፍተው በሆዱ ሜዳ ላይ ሲያርፍ በእሳት ተያይዞ የ35 ሰዎች ሕይወት አለፈ። ስለዚህ የአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ከአእዋፍ ይጠበቅ የሚለውን ሐሳብ ከልቤ እቀበላለሁ፤ ለዚህ ሲባል በጣና ዳር ያለው ረግረግ ይድረቅ የሚለውን ግን አልቀበልም። አደጋውን ያደረሱት እህል ለቅመው የሚያድሩ፣ በሕንፃ ጣሪያ ጫጩት የሚፈለፍሉ ርግቦች እንጂ የረግረግ ወፎች አልነበሩም።

ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት በመዘገበው የጣና ዙሪያ፣ ደንገሉ ታጭዶ በተከመረበት ዳርቻ፣ ለመጥፋት የተጋለጡት ክሬን የሚባሉ ባለዘውድ ጥቋቁር ወፎች ጭቃውን በእርጋታ እየረገጡ ሲመገቡ አይቻለሁ። ረግረጉ ቢደርቅ እነዚህ ወፎች መኖሪያ ያጣሉ፤ ርግቦቹ ግን እዚያው ይቀራሉ፤ እንዲያውም ደርቆ የታረሰ መሬት እህል ስለሚያበቅል ይበልጥ ይስባቸዋል። በእኔ እምነት ቅድሚያ የሚገባው በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ዙሪያ የተጣለውን ቆሻሻ ማንሣት፣ ወፎች ጎጆ የሚሠሩባቸውን የጣሪያ ቀዳዳዎች መድፈን፣ የሣሩን ቁመት መቆጣጠር፣ በረራ ከመጀመሩ በፊትም ማኮብኮቢያውን በየማለዳው በሠለጠነ ሰው ማስቃኘት ነው።