ዜሮ እየጻፈ የሮጠው ሰርቨር

ደሴ ፒያሳ አጠገብ ያለ አንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር የኮምፒውተር ሥራውን በውል የምከታተልለት ደንበኛዬ ነው። የመደብሩ ሒሳብ ሠራተኛ ሰርቨር መገጣጠም የሚወድ ወጣት ነው፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በሚገኘው ቤቱ ከአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር የሠራው ማሽን ነበረው። ራሙ (መብራት ሲጠፋ የሚረሳው ፈጣን ማኅደር) 32 ጊጋባይት፣ በውስጡ ባለ 4 ቴራባይት አራት ሃርድ ዲስኮች ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያስተዳድረው ዜድኤፍኤስ ተቀናጅተው፣ በላዩ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው ፕሮክስሞክስ። እንዲህ ያሉ ልጆችን እወዳለሁ፤ ማንም ሳያስተምራቸው ከደመወዛቸው ቆጥበው ይማራሉ። የመደብሩ አሮጌ ኮምፒውተር ሲደክም ባለቤቱ ሐጂ ማሽኑን ገዙት፤ የሽያጭ ፕሮግራሙም አንድ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለት በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር፣ ውስጥ ገባ።

በገበያ ቀን ሐጂ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ድረስልን፤ ሰው ተሰልፏል» አሉ። ስደርስ ገንዘብ ተቀባይዋ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ቆማ ትጠብቃለች፤ ብዙ ዓይነት ዕቃ የገዛ ሲመጣማ ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል። ወጣቱ ተጨንቋል። «ጋሼ፣ ሞክሬው ነበር እኮ፤ በሰከንድ 2 ጊጋባይት ጽፏል። ቨርቹዋል ማሽኑ ይሆን የሚያዘገየው?» አለኝ።

ቁጥሩ ራሱ አጠራጠረኝ። አንድ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ገደማ ቢጽፍ ነው፤ አራቱ ተደምረው እንኳ እዚያ አይደርሱም። ሙከራው ዲዲ በሚባለው መረጃ መገልበጫ ትእዛዝ ዜሮዎችን ብቻ ማጻፍ ነበር። ዜድኤፍኤስ ላይ መረጃን አሳንሶ የሚያስቀምጠው መጭመቂያ ከበራ ተከታታይ ዜሮ ወደ ምንም ይጨመቃል፤ ዲስኩ የሚሠራው ሥራ አይኖርም። ባዶ ጆንያ ተሸክሞ የጦሳን ዳገት የሮጠ ሰው ኩንታል መቻሉ በዚያ አይታወቅም።

ማታ መደብሩ ሲዘጋ ኤፍአይኦ በሚባል የዲስክ ፍጥነት መለኪያ እንደገና ፈተንነው። የሚጻፈው መረጃ የማይጨመቅ ዘፈቀደ፣ መጠኑ 4 ኪሎባይት፣ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በኋላ «ዲስኩ ላይ ሰፍሯል» የሚል ማረጋገጫ የሚጠበቅበት። ዳታቤዝ ሽያጭ ሲመዘግብ የሚያደርገው ይህንኑ ነውና። ለንባብ ፈተናው ፋይሉን 64 ጊጋባይት አደረግነው፤ ከራሙ ካነሰ የሚለካው የራሙ ፍጥነት ይሆናል። የጽሑፉ ውጤት በሰከንድ 60 ጊዜ ገደማ ብቻ መጻፍ ሆነ። ወጣቱ ደነገጠ፤ ስሌቱ ግን ቀላል ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል፤ የሚፈለገው ቦታ ከዲስኩ መጻፊያ ጭንቅላት ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ የጭንቅላቱ ጉዞ ሲታከልበት በሰከንድ መቶ መድረስም ያስቸግራል። በዚህ ቅንብር ደግሞ ዲስኮቹ ለአንድ ጽሑፍ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ አራት መሆናቸው በአራት እጥፍ አያፈጥናቸውም። ፈተናውን ከቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥም ከውጭም አካሄድነው፤ ልዩነቱ ጥቂት ነበር። ቨርቹዋል ማሽኑ ከደሙ ንጹሕ ነው።

ወጣቱ አንድ አቋራጭ አንብቦ ነበር፤ ዜድኤፍኤስ ማረጋገጫውን ሳይጠብቅ «ተጽፏል» ብሎ እንዲመልስ ማድረግ። ሞከርነው፤ በእርግጥም በረረ። እኔ ግን አጥብቄ ተቃወምሁ። በዚያ አኳኋን ጽሑፉ ራም ላይ ተጠራቅሞ ወደ ዲስክ የሚወርደው በየ5 ሰከንዱ ገደማ ነው፤ በመሀል መብራት ቢሄድ የመጨረሻዎቹ ሽያጮች ይጠፋሉ። መብራት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይሄዳል። ለሐጂ ይህንኑ ነገርኋቸው፦ ደረሰኙ በገዢው እጅ አለ፣ መዝገቡ ውስጥ ግን የለም።

ሐጂ ብዙ አላሰቡም። «የሰው ሐቅ ነው፤ አይሆንም። የሚያስፈልገውን ንገረኝ» አሉ። ወደ ወጣቱም ዞረው «አብሽር» አሉት።

ከአዲስ አበባ ሁለት ኤስኤስዲ፣ የሚዞር አካል የሌላቸው ፈጣን ዲስኮች፣ አስመጣን፤ መብራት ሲቋረጥ በእጃቸው ያለውን ጽፈው የሚጨርሱበት መጠባበቂያ ኃይል በውስጣቸው ያላቸውን ዓይነት። ተራው ኤስኤስዲ ብዙውን ጊዜ ይህ የለውም፤ ዋጋው የሚለየውም በዚህ ጭምር ነው። አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን አጣምረን የቨርቹዋል ማሽኑን ዲስክ ወደ እነርሱ አዛወርን። አራቱ ሃርድ ዲስኮች ለመጠባበቂያ ቅጂና ለዕቃ ፎቶዎች ቀሩ፤ ለዚህ ሥራ ጎበዞች ናቸው። ያው ፈተና አሁን በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ውጤት ሰጠ፤ ማረጋገጫው ሳይነካ።

የመጨረሻውን ሙከራ ያቀረበው ወጣቱ ነው። መዝገቡን ገልብጠን ካስቀመጥን በኋላ ገንዘብ ተቀባይዋ የሙከራ ደረሰኞችን በተከታታይ እያወጣች ሳለ እርሱ ሶኬቱን ነቀለ። ማሽኑ ሲነሣ ሦስታችን የታተሙትን ደረሰኞች አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አስተያየን። አንድም የጎደለ አልነበረም።