ኮዳው ሙሉውን ይመለስ ነበር

ልጄ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ጠዋት የሞላሁለት የውሃ ኮዳ ማታ እንዳለ ይመለሳል። ሰርቪስ ካወረደው ደግሞ ቦርሳውን እንኳ ሳያወልቅ ሽንት ቤት ይሮጣል። ኩላሊት መስሎኝ ክሊኒክ ወሰድኩት። የሽንት ምርመራው ምንም አላሳየም። ዶክተሯ "ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ትሄዳለህ?" ስትለው ግን አንገቱን ደፋ።

ቤት አስቀምጬ ስጠይቀው ጭጭ። የነገረኝ ዳቦ ልንገዛ ጎን ለጎን ስንሄድ ነው፣ አስፋልቱን እያየ። ሁለት የ5ኛ ክፍል ልጆች ሽንት ቤቱ በር ላይ ያቆሙታል። "ስምህን ሳትንተባተብ ካልተናገርክ አትገባም" ይሉታል። ልጄ ይንተባተባል፣ በተለይ ስሙ ላይ። ስለዚህ ውሃ መጠጣት ተወ።

እኔስ ምን አልኩ? "መልሰህ በላቸዋ! ወንድ አይደለህ?" እኛም ያደግነው እንደዚያ እየተባልን ነው። በማግስቱ አንዱን ገፈተረ፣ ሁለቱ ተጋግዘው ደበደቡት፣ "ወላጅ አምጣ" የተባለው ግን እሱ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ምስጢሩን ቢያካፍለኝ ተጨማሪ ሸክም ጫንኩበት።

ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን አየ፤ ሁሉንም እሱ ባለው ቃል። ዩኒት ሊደሩ መጀመሪያ "የልጆች ጨዋታ ነው" ብለውኝ ነበር። የ9 ቀኑን ጽሑፍ ሲያዩ ድምፃቸው ተለወጠ። "በቃ፣ እንገርፋቸዋለን" አሉ። አይሆንም አልኩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆን እንዳለባቸው ይደነግጋል። ደግሞስ የዱላው ብድር የሚመለሰው በማን ላይ ነው? "እንግዲያው ጠርተን እናስታርቃቸው" አሉ። ይሄንንም እምቢ አልኩ። ዕርቅ እኮ ለተጣላ ሰው ነው። ልጄ ከማንም አልተጣላም።

የጠየቅኩት ቀላል ነገር ነው። በ4 ሰዓት ዕረፍት አንድ መምህር ሽንት ቤቱ አካባቢ ይቁም። የልጆቹ ወላጆች ለብቻቸው ይጠሩ። ልጄ ደግሞ ብቻውን ሳይሆን አጠገቡ ከሚቀመጠው ጓደኛው ጋር ይሂድ። ይህቺ የመጨረሻዋ የራሱ የልጄ ሐሳብ ናት። እኔማ መች መጣልኝ።

ቤት ውስጥ የባሰው ጥፋት የኔው ሆኖ አገኘሁት። ሲንተባተብ ቃሉን እየቀደምኩ እጨርስለት ነበር፤ ያገዝኩት መስሎኝ። አሁን እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ወጡ ይቀዘቅዛል።

ባለፈው ሳምንት ኮዳው ባዶውን መጣ። በደስታ "ጠጣኸው?" አልኩት።

"ኧረ፣ ተ... ተራጭተንበት ነው።"