አንድ አኃዝ

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም፤ መብራቱም ሄዶ መጥቶ እንደገና ሄዷል። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰዋል፤ እኔም ምን እንደከፋኝ በቅጡ ሳልለየው የባሕር ኃይል ጠላቂ የነበሩትን የአባባን ሰዓት ከመሳቢያው አውጥቼ በሻማ ብርሃን ሳገላብጠው አመሸሁ። የውስጡ ሥራ ተጠናቅቆ ማሽኑ እየሠራ ነው። የቀረው የፊቱ ጉዳይ ነው፤ ሰዓት ሠሪው ውሳኔዬን እየጠበቁ ናቸው።

ሰዓቱ 6309 የሚባለው የሴይኮ የጠላቂ ሰዓት ሲሆን እስከ 150 ሜትር ጥልቀት ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። ማዞሪያው ሦስት ቁጥር ላይ ሳይሆን አራት ቁጥር አጠገብ ነው ያለው፤ ውሃ እንዳያሳልፍም ተጠምዝዞ ይታሰራል። በእጅ አይሞላም። ከማሽኑ በላይ ያለው ግማሽ ክብ ብረት ከክንድ እንቅስቃሴ ጋር እየዞረ ስለሚሞላው፣ የሚያደርገው ሰው ከሌለ በሁለት ቀን ውስጥ ቀጥ ይላል። አባባ ካረፉ ወዲህም ቆሞ ኖሯል።

ሰዓት ሠሪው ፒያሳ ሲፈርስ ሥራቸውን ወደ አራት ኪሎ ያዛወሩ አዛውንት ናቸው። የኋላ ክዳኑን ሲከፍቱት አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ውሃ የሚከላከለው ጎማ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ተጣብቋል፤ በስቴኪኒ ጥቂት በጥቂት እየፋቁ አወጡት። በፊቱ ዙሪያ በሚሽከረከረው ቀለበት ሥር ጨውና ላብ አንድ ላይ ደርቀው ነጭና አረንጓዴ ሆነው ተጋግረዋል፤ ቀለበቱ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የምታደርገው ትንሿ የብረት ኳስም ዝጋ ከቦታዋ አልነቃነቅ ብላለች። ዘይት ነክረው አሳደሯትና በማግስቱ ተላቀቀች።

ስለዚህ ቀለበት ብዙ አስባለሁ። ጠላቂው ከመውረዱ በፊት የቀለበቱን የሦስት ማዕዘን ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ትይዩ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ቆጣሪው ቀለበቱ ላይ የሚደርስበት ቁጥር ውሃ ውስጥ የቆየበትን ደቂቃ ይነግረዋል። በኋላ ዘመን የተሠሩት የጠላቂ ሰዓቶች ቀለበታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው፤ በድንገት ቢነካ እንኳን የቆየበትን ጊዜ አብዝቶ እንጂ አሳንሶ እንዳያሳየው ታስቦ ነው። የአባባ ሰዓት ቀለበት ግን ወደ ሁለቱም ይዞራል። አባባ ከመርከብ ሆድ ሥር ሆነው፣ በጎርፋማው የወደብ ውሃ ውስጥ፣ ሊያታልላቸው የሚችል ነገር እጃቸው ላይ አስረው ይሠሩ እንደነበር ሳስብ፣ እሳቸው በሰላም ወጥተው፣ ወልደውና አሳድገው፣ አልጋቸው ላይ አርፈው እንኳን ዛሬም እፈራላቸዋለሁ።

የፊቱ ጉዳይ እንዲህ ነው። በማዞሪያው በኩል ውሃ ገብቶ ኖሮ ከአራት ቁጥር እስከ ስድስት ድረስ ቡናማ እድፍ አለ። በጨለማ የሚያበራው ቀለም ሞቷል፤ የቀለበቱ ጥቁር ቀለም በፀሐይ ብዛት አመድማ ሆኗል። ሰዓት ሠሪው ፊቱንና ቆጣሪዎቹን በአዲስ ቀይረን አካሉን እናስወልውለው ይላሉ፤ አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜም ገንዘቡን ልላክና እንደ አዲስ ይሁን ባይ ነው። እኔ የውስጡ ሁሉ እንዲታደስ እሻለሁ፤ ያረጀ ጎማና የደረቀ ዘይት ማንንም አያስታውስም፣ ሰዓቱን ከመግደል በቀር። መወልወሉን ግን አልቀበልም። ብረት ሲወለወል ጭረቱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ጠርዙም ይሟሽሻል፣ የተሠራበት ቅርጽም ይለወጣል፤ የተወሰደው ብረት ደግሞ አይመለስም። እድፉንም ቢሆን አባባ የነበሩበት ባሕር ያስቀረው ምልክት ነው ብዬ ልተወው ቆርጬ ነበር።

ዛሬ ማታ ግን የኋላ ክዳኑን ወደ ሻማው አስጠግቼ የተቀረጸውን ቁጥር ሳነብ ሐሳቤ ሁሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። በዚያ ዘመን የሴይኮ ተራ ቁጥር የመጀመሪያው አኃዝ ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ይገልጻል፤ ዓመቱ ግን የመጨረሻው አኃዝ ብቻ ነው የሚጻፈው። የአባባ ሰዓት በ76 ይጀምራል። ይህ ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1988 ስለተሠራ፣ ሰባቱ 1977ም ሊሆን ይችላል፣ 1987ም። በእኛ አቆጣጠር ወይ ሰኔ 1969 ነው፣ ወይ ሰኔ 1979።

አንድ አኃዝ ጎድሎ አሥር ዓመት ጠፋ። በመካከሉ የአባባ ወጣትነት አለ።

ሰዓቱ የ1969 ከሆነ፣ የገዙት ከወሎ ደጋ ወርደው ባሕር ካዩ ብዙም ያልቆዩት ወጣት የባሕር ኃይል ጠላቂ ናቸው፤ ያልታጩ፣ ያልወለዱ፣ በታኅሣሥ 1970 ምጽዋ ስትከበብ ውስጧ የነበሩት። የ1979 ከሆነ የገዙት የልጆች አባት ናቸው፤ ደመወዛቸውን ለእማዬ የሚልኩ፣ ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትያዝ አሰብ ሆነው ጓደኞቻቸውን በሬዲዮ ሲጣሩ ያደሩት። ሁለቱን ሰዎች እኔ አንድ አድርጌ ነው የማውቃቸው፤ የሚለያዩ መሆናቸው እስከ ዛሬ ማታ አልታየኝም።

እማዬን ሄጄ ጠየቅኋት። «ሳገባው እጁ ላይ ሰዓት ነበር» አለች። ምን ዓይነት ሰዓት ስላት፣ «የወንድ ሰዓት ነዋ፤ ከባድ፤ ሲያቅፈኝ ፀጉሬን የሚይዝ» ብላ ዝም አለች። የምታስታውሰው ሌላ ነገር ሰዓቱ ሁልጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ነው። አባባ የመርከቡን ልማድ ቤትም አልተዉትም፤ ስንት ሰዓት ነው ስንላቸው አይተው፣ ስድስት ቀንሰው ወይም ጨምረው ነበር የሚነግሩን። ምክንያቱን በኋላ ደረስኩበት፤ በእኛ አቆጣጠር ቢያደርጉት ቀኑ የሚለወጠው ወይ ሲነጋ ወይ ሲመሽ ይሆን ነበር።

ቀኑን ሳነሳ ደግሞ ሦስተኛ ነገር መጣብኝ። በመስኮቱ የሚታየው የቀን ስም በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ነው፤ ለዓረብ አገሮች ገበያ የተሠራ ነው ማለት ነው። ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ከዓደንና ከጅዳ የሚሻገር ዕቃ ለምጽዋ ብርቅ አልነበረም። ነገር ግን በግንቦት 1983 የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመን ሲሸሹ አባባ አብረው ነበሩ። መርከቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 የመንን ለቀው እንዲወጡ ሲደረግ ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ በ1996 በወደብ ዕዳ ለሽያጭ ቀረቡ፤ የባሕር ኃይሉም ነገር በዚያው አበቃ። አባባ የወታደር ደመወዛቸው በተቋረጠበት በዚያ የስደት ዘመን፣ ከአንድ የየመን ገበያ፣ ሌላ ሰው ያደረገውን ሰዓት ገዝተው ቢሆንስ? እማዬ የምታስታውሰው ሌላ ሰዓት ቢሆንስ? ያን ጊዜ እድፉም ጭረቱም የማላውቀው ሰው ምልክት ነው። እኔ እንዳይነካ የምሟገትለት ጨው የአባባን ቆዳ ነክቶ አያውቅ ይሆናል።

ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ጋሽ መ. ከምጽዋ እስከ የመን ከአባባ አልተለዩም፤ ለቀብራቸውም ከናዝሬት ድረስ መጥተው ከሁላችንም ኋላ ነው ከመቃብሩ የተነሡት። ስልካቸው አለኝ። እኚህ ሰው ግን ስለነዚያ ዓመታት ሲነሣባቸው ወሬ ይለውጣሉ፤ አባባም እንዲሁ ነበሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ስለ እርሻና ስለ ልጆች ነበር የሚያወሩት። ይህ ሰዓት መቼና የት ተገዛ ብሎ መጠየቅ ትንሽ ጥያቄ ይመስላል፤ ለመመለስ ግን ጋሽ መ. በዚያ ሁሉ መካከል ማለፍ አለባቸው።

ሰዓት ሠሪው እስከ ቡሄ ቁርጡን ንገሩኝ ብለዋል። አባባ በሕይወት ሳሉ ልጠይቃቸው ያልደፈርኩትን ለአንድ እድፍ ስል ጓደኛቸውን መጠየቅ ይገባኛል?